እስከ ምልክቱ የተሞላ ኮላ

ሰው ሁሉ ሬዲዮ ይለኛል፤ ስለማልዘጋ ነው። የአልጋና የበርጩማ አናጢ ነኝ። እየላግሁም አወራለሁ፣ እየመታሁም አወራለሁ፣ ሚስማር በአፌ ይዤ እንኳ አወራለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም። የማወራላችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ ሚሊሜትር ነው፤ የእሱ ነገር ደግሞ የተበላሸው ግማሹ በእጄ፣ ግማሹ በአፌ ነው።

የእሱንና የእኔን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ነው። እሱ ወዲያ ሲያነጥስ እኔ ወዲህ ሆኜ ይማርህ እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ዕድሜው ስድሳን አልፏል፤ ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፣ ዞር ሲል እንደ ሰው ሁሉ ሚሊሜትር። ደንበኛ መጥቶ «ይህን ያህል ቢሆን ይበቃል» ሲለው «ይህን ያህል ስንት ነው?» ብሎ ሜትሩን የሚመዝ ሰው ነው። ሥራው በር ነው። እሱ የገጠመውን በር በአንድ ጣት ገፋ ካደረጋችሁት ኮሽ ሳይል ይዘጋል።

ቤቱን ያፈረሰውም በር ነው። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ አንድ ጠዋት ልጁ እሱ የሚሠራበት ደንበኛ ቤት ድረስ እየሮጠች መጣች። እናቷ እየጠራችው እንደሆነ፣ አሁኑኑ መሄድ እንዳለበት ነገረችው። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል፤ ደንበኛው ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። «ይህችን ገጥሜ መጣሁ» አላት። ገጥሞ ሄደ። ሲደርስ የሚስቱ ፊት ተሸፍኗል። በሩን ለመጨረስ የፈጀበት አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ምን ያድርግ፣ መለካት ልማዱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ ሰባት ዓመት ሙሉ ደጃፉን አልረገጠችም። አንድ ልጁ ናት፤ ሌላ የለውም።

በስምንተኛው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣች። ጀርባዋ ላይ በገመድ የታሰረ የእንጨት ጥቅል አዝላለች። እኔን ስታየኝ «ጋሼ ሬዲዮ፣ አሁንም አለህ?» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ «እንደምን ዋሉ?» አለችው። እኔ ክው አልኩ። ድሮ «አባዬ፣ አንተ» እያለች አንገቱ ላይ የምትንጠለጠል ልጅ ናት። ሰውን በማክበር ብዛት እንዲህ መግደል እንደሚቻል ያን ቀን ነው ያየሁት።

ጥቅሉን ፈታችው። የእናቷ የማድቤት ጠረጴዛ ነው። እግሮቹን እርጥበት በልቷቸው ጥላቸዋለች፤ የላዩ ርብራብ ግን እንደ ጥንቱ ጠንካራ ነው፣ እያንዳንዱ ሦስት ጣት የሚሰፋ። ልጅቷ የአንድ ትልቅ ክሊኒክ ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ለተኙ በሽተኞች ታበስላለች። የፕላስቲክ መክተፊያዎቻቸው በቢላ ተቦጫጭረው ቆሻሻ አልለቅ ስላሉ፣ የእንጨት እንዲፈቀድላት የወጥ ቤት አለቃዋን ስትለምን ከርማለች። አለቃዋ እሺ ያለቻት በመከራ ነው፤ መክተፊያው በየቀኑ በፈላ ውሃ ይታጠባል፣ መጋጠሚያው ከተከፈተ ወይም ኮላው ምግብ የሚበክል ከሆነ መክተፊያውም አንቺም ትወጣላችሁ ብላታለች። ልጅቷ ይህን ሁሉ ስትነግረው እንደ ደንበኛ ቆማ ነው።

«ሌላ አናጢ ጋ ልወስደው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ግን ጠረጴዛውን የሠሩት እርስዎ ነዎት። ስድስት መክተፊያ ይወጣዋል? በእናቴ እንጨት ላይ ብሠራ ደስ ይለኛል።»

እሱ ቀና ብሎ አላያትም። ኮላውን እኔ እፈልጋለሁ አለ። እሷ ስትወጣ እንጨቶቹን ቆጠራቸው። አርባ ሁለት ናቸው፤ ለአንድ መክተፊያ ሰባት ሰባት። ትርፍ የለም። የተበላሸ ቢኖር የሚተካበት እንጨት በዓለም ላይ የለም።

እኔ እንኳ አፌ አያርፍ፣ ጋሼ ኮላ ኮላ ነው፣ ምን ታስጨንቃለህ ብየው ነበር። አይደለም ለካ። ሃያ ሁለት ዓመት ኮላ ስቀባ ኖሬ ስለ ኮላ ያወቅሁት በዚያ ሁለት ወር ነው። ሁላችንም ከበርሜል የምንቀዳው ኮላ ማንንም አይመርዝም፣ ግን ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ይላቀቃል። ከቆዳና ከአጥንት ተቀቅሎ የሚሠራው የጥንቱ ኮላ ቢበሉትም ግድ የለው፤ ሙቅ ውሃ ሲነካው ግን ተመልሶ መረቅ ይሆናል። ማስቲሽ ሽታው ብቻ ያዞራል። ለውጭ በርና መስኮት የሚሆነውን ቡኒውን ኮላ ደግሞ ውሃ አይበግረውም፤ ሚሊሜትር የሠፈራችንን ፋርማሲ ሰውዬ ስለ እሱ ሲጠይቀው፣ ውስጡ ያለው ነገር ሬሳ እንዳይበላሽ የሚደረግበት መድኃኒት ዘመድ ነው አለው። ያን ሰምቶ ሲመለስ እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ከሁለት ቱቦ ተጨምቆ የሚቀላቀለው ቀረ። ሻጩን ምግብ ቢነካው ምን ይላል ብሎ ጠየቀው። ሻጩም ለምን ትበላዋለህ፣ ምግብ ጠፍቶ ነው ወይ አለው። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም፣ ማረጋገጫ የሌለውን ኮላ አልነካም ብሎ ተወው።

እያንዳንዱን ይፈትናል። ሁለት ቁራጭ እንጨት ያጣብቅና በሞርሳ ወጥሮ ሦስት ቀን ያደርቀዋል። ከዚያ ከጠዋት እስከ ማታ በድስት ይቀቅለዋል፤ ሱቁ ማድቤት መሰለ። በመጨረሻ በመዶሻ ይመታዋል። ጥሩ ኮላ ማለት ሲመታ እንጨቱ ራሱ የሚሰበር፣ መጋጠሚያው የማይከፈት ነው። የብዙዎቹ ኮላዎች ቁራጮች ግን መዶሻ ሳይነካቸው እዚያው ድስት ውስጥ ተለያይተው ይንሳፈፋሉ። አንድ ቀን ደግሞ የተቀቀለበትን ውሃ በማንኪያ ሲቀምስ አየሁት። ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ሆነህ መሞት አማረህ ወይ ብዬ ማንኪያውን ቀማሁት። እሱ ግን በሽተኞች ከሚቀምሱት እኔ ብቀምሰው ይሻላል አለኝ። ምን ይሉታል እንዲህ ያለውን ሰው?

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድ አሮጌ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ አንድ ቆርቆሮ አገኘ። ቢጫ ኮላ ነው። ከክዳኑ ጋር የተጣበቀችውን ወረቀት ይዞ ወደ ፋርማሲው ሮጠ፤ ሰውየው መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበለት። ከደረቀ በኋላ ውሃ አይፈታውም፣ ምግብ ቢነካውም ችግር የለውም ይላል። የሚያበቃበት ጊዜም ገና ነው። ግን ባለ መደብሩ ለራሴ ያስቀመጥኩት ነው፣ አልሸጥም ብሎ ድርቅ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በኋላ ዓይኑ ሚሊሜትር ቦርሳ ውስጥ ያለችው የብረት መላጊያ ላይ አረፈ። መላጊያዋ ሥራ ያስተማረው ሰውዬ ሲሞት የተናዘዘለት ናት፤ እኔ ለአንድ ደቂቃ አውሰኝ ብየው ሰጥቶኝ አያውቅም። አውጥቶ ሰጠውና ቆርቆሮውን እንደ አራስ ልጅ አቅፎ መጣ።

ፈተነው። ቀኑን ሙሉ ቀቀለው፣ መታው፤ እንጨቱ ተሰበረ፣ መጋጠሚያው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ መታው። ከዚያ በኮምፔንሳቶው በኩል ሲያንጎራጉር ሰማሁት። ሰባት ዓመት ያልሰማሁት ነገር ነው፤ እኔም ሥራዬን አቁሜ ሰማሁት።

እዚህ ላይ የሠፈራችንን ደንብ ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እኛ አናጢዎች ኮላ እንዋዋሳለን። ያለቀበት ሰው ጎረቤቱ ባይኖርም ገብቶ ይወስዳል፣ በዚያው ቀን ማታ ይመልሳል። ድሮ ከወሰድከው አጉድለህ መለስክ እየተባባልን ስንናከስ ነበር። ያንን ያስቆመው ሚሊሜትር ነው። ቀጭን እንጨት ቆርቆሮው ውስጥ ይነክርና ኮላው የደረሰበት ላይ በእርሳስ ያሰምራል፤ እንጨቷን ክዳኑ ላይ በላስቲክ አስሮ ይተዋታል። የወሰደ ሰው እስከ ምልክቱ ይሞላል፣ ክርክር የለም። መንደሩ በሙሉ ይህን ተከተለ። እንጨት የታሰረበት ቆርቆሮ ውሰድና መልስ ማለት ነው፤ ያልታሰረበትን የሚነካ የለም።

አርባ ሁለቱ እንጨቶች ተልገው፣ ለመጣበቅ ተዘጋጅተው በተደረደሩበት ቀን አንድ ደንበኛ እየጮኸ መጣ። ቀደም ሲል ሦስት በር ቃል ገብቶለት ኖሯል፤ ሰውየው አዲስ ቤት ሊገባ ነው። እኔ ጣልቃ ገብቼ፣ ጋሼ የልጅህን ጨርስ፣ በሩ የትም አይሄድ አልኩት። ቃል ገብቻለሁ፣ ሁለት ቀን ነው አለኝ። መሣሪያውን ሰበሰበ። ሊወጣ ሲል ተመልሶ የኮላውን ክዳን አጠበቀ፤ እጁ የሃያ ዓመት ልማዱን አደረገ፣ እንጨቷን ነክሮ አሰመረና በላስቲክ አሰራት። ከዚያ ሄደ።

በማግስቱ አንድ አልጋ ይዤ ኮላ አለቀብኝ። የበርሜሉ ነጋዴ ደግሞ ጠዋት ዝግ ነው። ወደ ሚሊሜትር ሱቅ ገባሁ። ቆርቆሮው የልጅቷ መሆኑን አውቅ ነበር፤ አልዋሽም። ግን እንጨቷን አየኋት። እንጨቷ ካለች ተፈቅዷል ማለት ነው፣ ሌላ ምን ላስብ? አንድ ጣሳ ሙሉ ቀዳሁ። ማታ ነጋዴው ሲከፍት ገዛሁና መለስኩ። የበርሜሉም ኮላ ቢጫ ነው፤ ነጋዴው ዓይን እንዲሞላ ቀለም ይጨምርበታል። በእንጨቷ ለካሁ፤ ልክ እስከ ምልክቱ። ሚሊሜትር ራሱ ቢለካው አንዲት ፀጉር አይጎድልም ብዬ ኮራሁ እንጂ ሌላ ነገር በልቤ አላለፈም። አፌ ያን ቀን ብቻ ተዘጋ፤ ወሰድኩ ብዬ እንኳ አልነገርኩትም። የተመለሰ ነገር ማን ያወራል?

እሱ ተመለሰ፣ ስድስቱንም በአንድ ቀን አጣበቀ። ሲደርቁ በብርጭቆ ወረቀት እስኪለሰልሱ ፈተጋቸው። ሦስቱን እሱ፣ ሦስቱን እኔ ተሸክመን ክሊኒኩ ድረስ ሄድን። ልጅቷ በጓሮ በር ወጣች። መዳፏን በእያንዳንዱ ላይ አሳለፈች፤ አንዱ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ጥልቅ የቢላ ጭረት አለበት፤ እናቷ አንድ ቀን ቢላ ያመለጣት ቦታ ነው። ሚሊሜትር፣ ለዓይኑ ያላማረውን ሁሉ የሚልገው ሰው፣ ያቺን ጭረት ሳይነካ ትቷታል።

«አባዬ» አለች። «እሁድ እናቴ መቃብር እሄዳለሁ። ትመጣለህ?»

ትመጣለህ ነው ያለችው፣ ይመጣሉ አይደለም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቆረጠው የበር ጠርዝ በአንድ ጣት አጠረበት፤ ሚሊሜትር! እንጨቱን አንሥቶ አሳየኝና እንደ ልጅ ሳቀ። ሦስት እሁድ አብረው ሄዱ። ሦስት ብቻ።

በአራተኛው ሳምንት መክተፊያዎቹ መከፈት ጀመሩ። መጀመሪያ ፀጉር የምታክል ክፍተት፤ ቀጥሎ ቢላ የሚያስገባ። ክፍተቱ ውስጥ የገባው ምግብ ኮመጠጠ፣ ሸተተ። በዚያው ሳምንት አምስት በሽተኞች ሆዳቸውን ታመሙ፤ ከመክተፊያው ይሁን ከሌላ ማንም አላጣራም፣ ማጣራትም አላስፈለጋቸውም። አለቃዋ አምስቱን እሳት ውስጥ አስጣለቻቸው። ስድስተኛውን፣ ያን ጭረት ያለበትን፣ ልጅቷ ሽርጧ ሥር ደብቃ አወጣችው። እሷም አብራ ወጣች፤ ከሥራ ተሰናበተች።

መጥታ የሚሊሜትር መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እኔ ወዲህ ሆኜ መዶሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ይኸው ሥራዎ» አለችው። «የእናቴ ነገር እርስዎ እጅ ገብቶ ደህና አይወጣም። ይህን እያወቅሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ ሞኟ።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ስትሄድ እሱ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ፋቀ፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ አሸው፤ ኮላው እየለሰለሰ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮው ሄደ። እንጨቷን ፈትቶ ይዟት ቆየ፤ በኮምፔንሳቶው ስንጥቅ አየዋለሁ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ፤ ነገሩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

«ሬዲዮ» አለኝ፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ከዚህ ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ ጋሼ። መልሻለሁ፤ እስከ ምልክቱ።»

«ከበርሜሉ?»

«ከበርሜሉ።»

ሲቀመጥ በርጩማው ሲጥ አለ። መጥቶ እስኪመታኝ ጠበቅሁ፤ እንዲመታኝም ፈለግሁ። ቆይቶ፣ እንጨቷን ያሰርኳት እኔ ነኝ አለ፣ ለእኔም አይደለም፣ ለራሱ። ነገ ጠዋት ሄጄ ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩት። አትሂድ አለኝ። ለምን ብለው ትጠይቅሃለች አለ። ምን ብላ ብለው እንጨቷን መልሶ ክዳኑ ላይ በላስቲክ አሰራት። አትሂድ ማለቱ ኩራት መሰለኝ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔ ሁለቱም ሄዷል።

በማግስቱ ቤቷ ሄድኩ። አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትኖረው። በሩን ስትከፍት ፊቷ ድንጋይ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ እንጨቷ፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ በርሜሉ። ሁለት ወር ሙሉ ሲቀቅል፣ ውሃውን በማንኪያ ሲቀምስ እንደነበር ነገርኳት። መላጊያዋን እንደሰጠ ስነግራት ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«የመምህሩን መላጊያ?»

የእሱን አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ተነሥታ ከሚስማሩ ላይ ሻርፗን አወረደች፤ አብራኝ ልትመጣ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፌ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመ ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። ሻርፗን አንገቷ ላይ እየጠመጠመች፣ እንዲሁ እንደ ዋዛ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ግን አንተ ስትወስድ አባዬ የት ነበር?»

ለመዋሸት አንድ ሰከንድ ይበቃኝ ነበር። ታሞ ነበር ብል፣ እንጨት ሊገዛ ሄዶ ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? ዕድሜ ልኬን ያለቦታው ስለፈልፍ የኖርኩ ሰው፣ በዚያች ሰዓት የምታድን ውሸት አጣሁ።

«በር ሊገጥም ሄዶ ነበር» አልኳት።

እጇ ቆመ። ስንት ቀን ብላ ጠየቀችኝ። ሁለት ቀን አልኳት። የእኔ እንጨት ተልጎ ተደርድሮ ነበር ወይ አለችኝ። ነበር አልኩ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ አትሂድ ብየው እንደነበር ጭምር ነገርኳት፤ ለእኔ ምስክር የሚሆን መስሎኝ ይሆን፣ እኔ እንጃ። ሻርፗን ፈታችው። አራት ላይ አጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

«ስለመጣህ አመሰግናለሁ ጋሼ» አለች። «ሰላም በላቸው።»

ስመለስ ሚሊሜትር በሱቁ ደጃፍ ቆሟል፤ እርሳሱ ጆሮው ላይ ነው። ጠየቀችህ አለኝ። ጠየቀችኝ አልኩት። ነገርካት ወይ አለኝ፤ ነገርኳት አልኩ። ራሱን ነቀነቀ፣ አልተቆጣኝም። ምን አለች አለኝ። ሰላም በላቸው አለች አልኩት። እሱም ገባና ሜትሩን አነሣ፤ የጀመረው በር ነበረው።

ይኸው ዓመት ሊሆን ነው። እሷ አልመጣችም፤ ከሠፈሩም ወጥታለች ይላሉ፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሌላ እንደዚያ ያለ ኮላ ፈልጌ ያላንኳኳሁት መደብር የለም፣ አላገኘሁም። ባገኝስ ለማን? ያ ጭረት ያለበት መክተፊያ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፤ አያጣብቀውም፣ አይጥለውም። በር ይገጥማል። የገጠመው በር አሁንም ኮሽ አይልም።

እሷ ጋ ሄጄ በተመለስኩበት ሳምንት አንድ ጠዋት ቆርቆሮውን ይዞ ወደ እኔ ሱቅ ገብቶ ነበር። «ውሰደው፣ ግማሹ ያንተ ነው» ብሎኝ ሄደ። አሁን ከአልጋዎቹ ጀርባ፣ ማንም ከማያየው ጥግ ነው። እንጨቷ እንደታሰረች ናት። ኮላ ሊዋሱ የሚመጡት ሰዎች ሲጠይቁኝ የለኝም እላቸዋለሁ።